በመረቁ ውስጥ የተሰወረው ዓሣ

በኪዮቶ ከተማ፣ ከአንድ ጠባብ መንገድ ዳር በቆመ የእንጨት ቤት ውስጥ፣ ለመንገደኞች የአገራቸውን ወጥ አሠራር የሚያስተምሩ አንዲት አረጋዊት ሴት አሉ። ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ ዐቢይ ጾም በገባ በሦስተኛው ሳምንት፣ ከአንድ ወዳጄ ጋር ከእኒህ ሴት ደጅ ደረስን። እኔ ሥጋ ከተውሁ ቆይቻለሁ፤ ዓሣ ግን እበላለሁ። ወዳጄ በጾም ወራት ዓሣም ከአፉ አይገባም። በእኛ ዘንድ ዓሣ በጾም ይበላል፣ አይበላም የሚለው ክርክር የቆየ ነው፤ እኛም ሁለታችን በየፊናችን ያደግንበትን ይዘን በአንድ ማዕድ ስንቀመጥ ኖረናል።

ሴትዮዋ ሽርጥ ከማስታጠቃቸው በፊት፣ በአስተርጓሚ በኩል፣ የማንበላውን ጠየቁን። ወዳጄ «ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤ፣ ዕንቁላል፣ ዓሣ» ብሎ ቆጠረ። «እስከ ዛሬ ምን ሲበሉ ሰነበቱ?» አሉት። እርሱም ሦስት ቀን ሙሉ «ሥጋ የሌለበት ነው» እየተባለ የቀረበለትን የአኩሪ አተር ሾርባ፣ የተቀቀለ አትክልትና በትኩስ መረቅ የተነከረ ኑድል ዘረዘረላቸው። ጥቂት ዝም አሉ። ከዚያም ከመደርደሪያው እንደ ደረቀ እንጨት ያለ ነገር አንሥተው በእጁ አስያዙት።

«ይህ ዓሣ ነው፤ በበሉት ሁሉ ውስጥ ሳይኖር አልቀረም» አሉት።

የወዳጄ ፊት ሲለወጥ አየሁ። ያታለለን ሰው እንዳልነበረ ያን ጊዜ አልገባንም ነበር። እውነቱን ለመረዳት አንድ ሺህ ሦስት መቶ ዓመት ወደ ኋላ መመለስ አስፈልጎኛል፤ ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በ675 ንጉሠ ነገሥት ቴንሙ፣ ከአራተኛው ወር እስከ ዘጠነኛው ወር ፍጻሜ የበሬ፣ የፈረስ፣ የውሻ፣ የዝንጀሮና የዶሮ ሥጋ እንዳይበላ አዋጅ አስነገሩ። ነገሩ በ720 በተጠናቀቀው «ኒሆን ሾኪ» በተባለው ዜና መዋዕል ተጽፏል። የታሪክ ሰዎች በአዋጁ ሁለት ምክንያት ያዩበታል፤ አንደኛው ለሕያው ፍጥረት ርኅራኄን የሚያስተምረው የቡድሃ ሃይማኖት ነው፤ ሁለተኛው የሩዝ እርሻ ወራት በመሆኑ የሥራ ከብት እንዳይጠፋ ነው። አጋዘንና የዱር አሳማ ከዝርዝሩ ውስጥ የሉም። ዓሣም የለም። ተመሳሳይ አዋጆች በኋለኞቹ ነገሥታት ዘመን ተደጋገሙ፤ ሥጋን መጸየፍም ቀስ በቀስ የአገሩ ልማድ ሆነ። በድብቅ የሚበላ ግን አልጠፋም። በኤዶ ዘመን የዱር አሳማ ሥጋ «የተራራ ዓሣ ነባሪ» እየተባለ ይሸጥ ነበር፤ ዓሣ ነባሪ ያን ጊዜ ከዓሣ ይቆጠር ነበርና። ሆድ ሲፈልግ ምላስ ስም አያጣም።

በጃፓንኛ ሥጋና ዓሣ የተለያዩ ቃላት ናቸው፤ ሥጋ የለበትም ያለ ሰው ስለ ዓሣ የተናገረው ነገር የለም። ለወዳጄ ምግብ ያቀረቡለት ሰዎች በቋንቋቸው እውነት ተናግረዋል። እርሱም በቋንቋው እውነት ሰምቷል። በሁለቱ እውነቶች መካከል ግን ጾሙ ተሰበረ።

ያ በእጁ የያዘው ነገር ካትሱኦቡሺ ይባላል። የቱና ዘመድ የሆነ ዓሣ ተቀቅሎ፣ አጥንቱ ወጥቶ፣ ደጋግሞ በጢስ ይደርቃል፤ ምርጡ ደግሞ ሻጋታ እንዲለብስ ተደርጎ ለወራት በፀሐይ ይሰነብታል። ሁለቱን ቢያጋጩ እንደ እንጨት ይጮኻል። ሴትዮዋ የአናጢ መላጊያ በመሰለ ምላጭ ላይ ሲስቡት፣ ከብራና የሳሳ ፍቅፋቂ ወረደ። ከዚያም ኮምቡ የተባለውን፣ ከሰሜኑ ደሴት ከሆካይዶ የሚመጣውን የባሕር አረም፣ በለዘበ ውኃ ዘፈዘፉት፤ ውኃው ሊፈላ ሲል አወጡትና ፍቅፋቂውን ጨመሩ፤ ጥቂት ቆይተው አጠለሉት። ይህ መረቅ ዳሺ ይባላል። ቅቤና ሥጋ በሌለበት ማዕድ የወጡን ጣዕም የሚሸከመው እርሱ ነው።

ሳይንሱ የመጣው ዘግይቶ ነው። በ1908 ኪኩናኤ ኢኬዳ የተባሉ የኬሚስትሪ ሊቅ ከኮምቡ ውስጥ ግሉታሜትን ለይተው ጣዕሙን «ኡማሚ» ብለው ሰየሙት። በ1913 ተማሪያቸው ሺንታሮ ኮዳማ በደረቀው ዓሣ ውስጥ ኢኖሲኔትን አገኙ። ሁለቱ ሲገናኙ የሚሰጡት ጣዕም ለየብቻ ከሚሰጡት እጅግ ይበልጣል። ወጥ ሠሪዎቹ ይህን በምላሳቸው ካወቁት ዘመናት አልፈው ነበር።

ያን ረጅም ልማድ ንጉሥ እንደ ጀመረው ንጉሥ ፈታው። በጥር 1872 ንጉሠ ነገሥት ሜይጂ የበሬ ሥጋ መብላታቸው በይፋ ተነገረ፤ እንደ ምዕራባውያን መብላት የሥልጣኔ ምልክት ሆኖ ነበርና። በሚቀጥለው ወር ጥቂት የተራራ መናንያን በቁጣ ቤተ መንግሥቱን ጥሰው ለመግባት ሞከሩ፤ ከፊሎቹም ተገደሉ። እኒህ ንጉሥ ለእኛ ባዕድ አይደሉም፤ በ1889 ያወጡት ሕገ መንግሥት ለ1931ዱ የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አርአያ ሆኗል። በዚያው ዓመት ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ጃፓንን ጎብኝተው «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» የተሰኘውን መጽሐፍ ጽፈውልናል። የዚያ ዘመን ምሁሮቻችን ከጃፓን ሊወስዱ የሚሹት የአዲሱን ዘመን ጥበብ ነበር፤ እኔና ወዳጄ አሮጌውን ወጥ ቤት ፍለጋ ሄድን።

አሮጌውን ሁሉ ግን ማመስገን አይገባም። ሥጋን የተጸየፈው ማኅበረሰብ ከብት የሚያርዱትንና ቆዳ የሚያለፉትን ሰዎችም ተጸየፈ፤ ልጅ ከልጅ አያጋባም፣ በአንድ መንደር አያኖራቸውም ነበር። ይህ መለያ በሕግ የተሻረው በ1871 ነው፤ በልማድ ግን ከዚያ በኋላም ዘልቋል። «ፋቂ» የሚለውን ቃል በስድብነት እየሰማሁ ያደግሁ ሰው ይህን ሳነብ እንግዳ አልሆነብኝም። የንጹሕ ማዕድ ዋጋ አንዳንድ ጊዜ የሚከፈለው በሌላ ሰው ክብር ነው።

ወደ ወጥ ቤቱ ልመለስ። ወዳጄ ሽርጡን እንደያዘ ቆሞ ነበር። ሴትዮዋ «ለእርስዎ የገዳሙን እናደርጋለን» አሉት። በጃፓን የቡድሃ ገዳማት ሾጂን ርዮሪ የሚባል ምግብ አለ፤ ሥጋም፣ ዓሣም፣ ዕንቁላልም፣ ሽንኩርትም አይገባበትም። መነኩሴው ዶገን በ1237 ስለ ገዳም ወጥ ቤት ኃላፊ ተግባር አንድ መጽሐፍ ጽፏል። በዚያ ውስጥ፣ በ1223 ወደ ቻይና በተሻገረ ጊዜ፣ በመርከብ ላይ ያገኘውን አንድ ሽማግሌ ወጥ ሠሪ መነኩሴ ያነሣል። ዶገን ሽማግሌው እንዲያድር ለመነው፤ እርሱ ግን የነገው ማዕድ በእጁ ነውና እምቢ አለ። በዚህ ዕድሜ ስለ ምን በጸጥታና በንባብ አይቀመጡም ብሎ ቢጠይቀው፣ ሽማግሌው ሳቀ፤ ወጣቱ የመንገዱን ትርጉም ገና እንዳላወቀ ነገረው።

ሴትዮዋ ከምሽት ጀምሮ የተዘፈዘፈ ደረቅ እንጉዳይና ኮምቡ አወጡ። ሁለት ድስት ጎን ለጎን ተጣደ፤ ለእኔ ከዓሣው፣ ለወዳጄ ከእንጉዳዩ። ማንኪያዎቹ እንዳይቀላቀሉ የእርሱን በቀይ ክር አሰሩለት። ያን ቀይ ክር ሳይ እናቴ በጾም ወራት ለብቻ የምታስቀምጠው ማማሰያ ትዝ አለኝ።

በመጨረሻ ሴትዮዋ በብሩሽ አንድ መስመር በጃፓንኛ ጽፈው ለወዳጄ ሰጡት፤ በየደረሰበት እንዲያሳየው። «በመረቁ ውስጥ ዓሣ አለ ወይ?» የሚል ነው። ከዚያ በኋላ ያን ወረቀት ያዩ ወጥ ቤቶች ሁሉ፣ አንዳንዱ እያዘነ፣ እውነቱን ነገሩት። ወረቀቱ ዛሬም በዳዊቱ ገጾች መካከል ተቀምጧል።