በየት በኩል እንውጣ?

የአዲስ አበባን የሰፈር ስሞች ብትቆጥሩ ግማሹ የመንገድ ወሬ ነው። መገናኛ አለ፤ ማዞሪያ አለ፤ ኬላ አለ፤ ታክሲው “ከዚህ ወዲያ አልሄድም” ያለበት ቦታ ደግሞ “መጨረሻ” ተብሎ ይቀራል። መካኒሳ አቦ ዘንድ ያለችውም የታወቀች ፌርማታ “አቦ ማዞሪያ” ትባላለች። ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር ለተማሪዎቼ “ቃልን ዝም ብላችሁ አትለፉት፣ ቆም ብላችሁ ጠይቁት” እል ነበር። እስቲ ዛሬ “ማዞሪያ”ን እንጠይቃት። ማንን ነው የምታዞረው? ከየት ወዴት? በማንስ ደጅ አሳልፋ?

ጥያቄው የቅንጦት አይደለም። ዛሬ ከአዲስ አበባ ወጥቶ ክፍለ ሀገር የሚሄድ ሰው ዋናው ጭንቀቱ ጉዞው ሳይሆን መውጣቱ ነው። ለሠርግም ይሁን ለለቅሶ፣ ለበዓልም ይሁን ለዕረፍት፣ ከጉዞው ዋዜማ ቤተሰቡ ጉባኤ ይቀመጣል። አንዱ “በቃሊቲ ወጥተን የፈጣን መንገዱን እንያዝ” ይላል። ሌላው “ኧረ በዓለም ገና ይሻላል፣ ቃሊቲ ከገባን በዚያው አመሸን” ይላል። ጎረምሳው ስልኩን አውጥቶ ካርታ ይመለከትና “ውስጥ ለውስጥ አንድ መንገድ አለ” ብሎ ያበሥራል። ጥግ ላይ የተቀመጡት እናት ግን “በፈለጋችሁት ውጡ፣ ብቻ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ተነሱ” ብለው ይዘጉታል። ኋላ እንደምናየው የታሪክ ድጋፍ ያላቸው እሳቸው ናቸው።

ይህ ጉባኤ መኪና ያመጣው እንዳይመስላችሁ። የሲራራ ነጋዴ ከመነሳቱ በፊት የሚመክረው ይህንኑ ነበር። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከቦንጋና ከጅማ ተነስቶ፣ ዓባይን ተሻግሮ፣ በጎጃም የባሶ ገበያ አድርጎ፣ በጎንደር በኩል ምጽዋ የሚወርድ ነጋዴ አጭሩን መንገድ አይደለም የሚመርጠው። በየኬላው ቀረጥ አለ፤ ስለዚህ ኬላ የሚያንሰውን ይመርጣል። በየበረሃው ሽፍታ አለ፤ ስለዚህ ነጋድራሱን ከፊት አድርጎ በጅምላ ይጓዛል። ክረምት ሲገባ ወንዝ ይሞላል፤ ስለዚህ ጊዜውን ይመርጣል። አማራጭ መንገድ ማለት ለሲራራ ነጋዴ የቀረጥ፣ የሰላምና የወቅት ስሌት ነበር።

እኛም ከዚህ ስሌት ብዙ አልራቅንም። የኬላው ቀረጥ የፈጣን መንገድ ክፍያ ሆኗል። በቅርብ ዓመታት ደግሞ ከኪሎ ሜትሩ በፊት “መንገዱ ሰላም ነው ወይ?” የሚለው ጥያቄ ተመልሶ መጥቷል። ቅድመ አያቶቻችን ቢሰሙን ቋንቋችን አይጠፋቸውም።

ወደ ከተማችን እንመለስ። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር እንደ ከተማ ሳይሆን እንደ ጦር ሰፈር ነው የተተከለችው። ቤተ መንግሥቱ ከኮረብታው ላይ፣ መኳንንቱም እያንዳንዳቸው ከነጭፍራቸው በየራሳቸው ጉብታ ላይ ሰፈሩ። ራስ ብሩ ሰፈር፣ ደጃች ውቤ ሰፈር እያልን እስከ ዛሬ የምንጠራቸው የዚያ አሰፋፈር ትዝታዎች ናቸው። በሰፈርና በሰፈር መካከል ወንዝ ወይም ገደል አለ። ጎረቤት ከጎረቤት የሚገናኝበት መንገድ አልተሠራም፤ የተሠራው ሁሉም ወደ ግቢ የሚሄድበት መንገድ ነው። የከተማዋ የመንገድ ጠባይ የዚያን ጊዜ ተወለደ፦ ሁሉም መንገድ ወደ መሀል።

ያን ጊዜ መካኒሳ ከከተማ ውጭ ነበረች። ስሟ ኦሮምኛ ነው፤ በአማርኛ ብሳና የምንለው ዛፍ መጠሪያ። ከከተማው በስተ ደቡብ ምዕራብ፣ ከትንሹ አቃቂ ወንዝ አጠገብ ያለች የእርሻና የዛፍ አገር ነበረች። ከጅማና ከከፋ ቡናና ማር ጭኖ ለሚመጣው ነጋዴ ይህ የከተማዋ ደቡብ ምዕራብ ጎን መድረሻው ሲቃረብ የሚታየው አገር ነው። ለመድረስ ግን አዋሽን መሻገር ነበረበት። ዛሬ በቡታጅራ መንገድ ላይ የምናውቃት መልካ ቁንጡሬ ስሟ ራሱ ይህን ይናገራል፤ “መልካ” በኦሮምኛ የወንዝ መሻገሪያ ነው። መንገድ የሚወሰነው በድልድይ ሳይሆን ውኃው በሚያሳልፍበት ቦታ በነበረበት ዘመን የወጣ ስም ነው።

ከዚያ ዘመናዊ መንገድ መጣ። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መግቢያ ላይ ዐፄ ምኒልክ ከአዲስ አበባ እስከ አዲስ ዓለም መንገድ አሠሩ። ምክንያቱ ራሱ የሚያስገርም ነው። አዲስ አበባ እንጨት ስላለቀባት ዋና ከተማውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር ታስቦ ነበር፤ ባሕር ዛፍ ደርሶ ባያተርፋት ኖሮ ዛሬ የምንጨናነቀው እዚያ በሆነ ነበር። መንገድ የሚደመድመው የእንፋሎት ማሽን የመጣው ሰርኪስ ተርዚያን በተባለ አርመናዊ ነጋዴ አማካይነት ነው፤ ሕዝቡም “የሰርኪስ ባቡር” አለው። በ1900 ዓ.ም. ደግሞ ቤድ ቤንትሌይ የተባለ እንግሊዛዊ ከጅቡቲ በረሃውን አቋርጦ ሲድሌይ የተባለች መኪና አዲስ አበባ አስገባ። ለወራት ያንገላታው ጉዞ ነበር። ልብ በሉ፣ ያ ሰውዬ ችግሩ መንገድ ማጣት እንጂ መኪና መብዛት አልነበረም። ከእሱ ዘመን ወደ እኛ ዘመን ስንመጣ ችግሩ ተገለበጠ።

ጣሊያን በአምስቱ ዓመት ወረራ ጦሩን ለማንቀሳቀስ ሲል ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ፣ ወደ ጅማ፣ ወደ ሌሎችም አቅጣጫዎች መንገድ ዘረጋ። ከነጻነት በኋላ በ1943 ዓ.ም. የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን ተቋቋመ፤ ከዓለም ባንክ በተገኘ ብድርም መንገዶቹ ይጠገኑና ይስፋፉ ጀመር። መልካም ሥራ ነው። ነገር ግን ሁሉም መንገድ የሚነሳው ከዚያችው ከአንዷ መሀል ነው። የጎጃም፣ የደሴ፣ የአምቦ፣ የጅማና የደብረ ዘይት መንገዶች እንደ አምስት ጣት ከአንድ መዳፍ ላይ ተዘረጉ። ከጅማ ተነስቶ ናዝሬት የሚሄድ የጭነት መኪና አዲስ አበባ ጉዳይ ባይኖረውም አዲስ አበባን ሳይረግጥ አያልፍም።

ችግሩ ሳይታይ የቀረ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1956 የታወቀው እንግሊዛዊ የከተማ ፕላን አዋቂ ሰር ፓትሪክ አበርክሮምቢ ለአዲስ አበባ ፕላን ሲያወጣ፣ አላፊ አግዳሚው መኪና መሀል ከተማ ሳይገባ በዙሪያ እንዲያልፍ የቀለበት መንገድ ሐሳብ አቅርቦ ነበር። ከእሱ በኋላም ፕላን በፕላን ላይ ተደረበ። መንግሥት ተለወጠ፣ ሥርዓት ተለወጠ። ቀለበቱ በእውን መታየት የጀመረው በ1990ዎቹ ውስጥ፣ የቻይና ኩባንያ 33 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆነውን መንገድ ሲሠራ ነው። ወደ ግማሽ ምዕተ ዓመት መሆኑ ነው። ቀለበት ይባል እንጂ በሰሜን በኩል ሳይገጥም ስለቀረ፣ እውነቱን እንናገር ካልን ቀለበት ሳይሆን የፈረስ ጫማ ነው።

ያ መንገድ ከአየር ጤና ወደ ጀርመን አደባባይ፣ ከዚያም በሐና ማርያም በኩል ወደ ቃሊቲ ሲያልፍ መካኒሳን ይዞ ነው የሄደው። ትናንት ከከተማ ውጭ የነበረችው የብሳና አገር የከተማው መሸሻ ሆነች። የደቡብና የምዕራብ መኪና መሀሉን ትቶ እዚህ ተሻገረ። ለጥቂት ዓመታትም መንገዱ ሠራ።

ታዲያ ምን ሆነ? ከተማው ተከትሎ መጣ። ከ1997 ዓ.ም. ወዲህ የኮንዶሚኒየም ግንባታ ሲጀመር ባዶ መሬት ያለው ከቀለበቱ ወዲያ ነበር። ጀሞ ሞላ፤ ለቡ ሞላ፤ ፉሪም ሞላ። ከ2010 ዓ.ም. ጀምሮ መደበኛ አገልግሎት የሚሰጠው የጅቡቲ ባቡር የመንገደኛ ጣቢያውን እዚያው ለቡ አደረገ። ለአላፊ የተሠራው መንገድ የነዋሪ መንገድ ሆነ። ከጀሞ ሥራ የሚሄደው፣ ከሰበታ ሲሚንቶ የሚያመጣው፣ ከጅማ ቡና የጫነው፣ ልጁን ትምህርት ቤት የሚያደርሰው፣ ሁሉም በአንድ አስፋልት ላይ ተገናኙ።

የእኛ ብቻ ጉድ ነው ብላችሁ እንዳታዝኑ። ለንደንን የሚዞረው ታላቁ የቀለበት አውራ ጎዳና እ.ኤ.አ. በ1986 ተመርቆ ብዙም ሳይቆይ የመጨናነቅ መቀለጃ ሆኗል። ዲትሪሽ ብሬስ የተባለ ጀርመናዊ የሒሳብ ሊቅ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1968 አንድ ግራ የሚያጋባ ነገር አሳየ፦ እያንዳንዱ ሾፌር ለራሱ የሚበጀውን ብቻ ከመረጠ፣ አዲስ መንገድ መጨመር አንዳንድ ጊዜ የሁሉንም ጉዞ ያረዝማል። ሁሉም ወደ አዲሲቱ አቋራጭ ይሮጣል፣ አቋራጯም ትታነቃለች። የጥንቷ ሮም በበኩሏ ሌላ መላ ሞክራ ነበር። በዩልየስ ቄሣር ዘመን የወጣው ሕግ አብዛኛው ጋሪ ቀን ቀን ከተማ እንዳይገባ ከለከለ። እነሱ ያገኙት አማራጭ መንገድ ሌላ ጎዳና ሳይሆን ሌላ ሰዓት ነበር። እናታችን አልተሳሳቱም ያልኩት ለዚህ ነው። የክፍለ ሀገር አውቶብስ ከጎሕ ጋር ሲነሳ የኖረው እንዲሁ በልማድ ብቻ አልነበረም።

ለመካኒሳ ሰው ዛሬ ያሉት አማራጮች የታወቁ ናቸው። ወደ አዳማ ከሆነ በቃሊቲ አድርጎ ቱሉ ዲምቱ መድረስ፣ ከዚያም በ2007 ዓ.ም. የተከፈተውንና 80 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝመውን የፈጣን መንገድ መያዝ ነው። ፈተናው ያለው ከቱሉ ዲምቱ ወዲህ ነው። ወደ ሐዋሳ፣ ወደ ሶዶ ወይም ወደ አርባ ምንጭ ከሆነ ግን የቃሊቲን ወረፋ ትቶ ወደ ዓለም ገና መታጠፍ ይቻላል። ያ መንገድ አዋሽን በጥንቱ መሻገሪያ ሠፈር ተሻግሮ፣ 36 ትክል ድንጋዮች የቆሙባትን ጢያን አሳይቶ ቡታጅራ ያደርሳል። ከቡታጅራ በስተ ምሥራቅ የሚታጠፈው ዝዋይ ላይ ያወጣል፤ ቀጥ ያለው በወራቤ በኩል ወደ ደቡብ ይወርዳል። በኪሎ ሜትር ባያተርፍ በልብ ያተርፋል። የቀን መቁጠሪያም ማየት ያስፈልጋል። ወር በገባ በአምስተኛው ቀን አቦ ነው፤ በተለይ የጥቅምትና የመጋቢት አምስት ምእመኑ አካባቢውን ይሞላዋል። ያን ዕለት ጠዋት በአቦ በኩል ለመብረር የሚያስብ ሾፌር ጥፋቱ የራሱ ነው። መንገዱ ያን ቀን የነጠላ ለባሾች ነው።

እስካሁን ያወራነው ስለሚሄደው ሰው ነው። ስለማይሄደውስ? ያ ጎረምሳ በስልኩ ያገኘው “ውስጥ ለውስጥ” መንገድ የማን ውስጥ ነው? የእግረኛ መንገድ የሌለው፣ ሕፃናት ኳስ የሚጫወቱበት፣ እናቶች በርበሬ የሚያሰጡበት፣ ለቅሶ ሲሆን ድንኳን የሚተከልበት የሰፈር ኮብልስቶን ነው። ዋናው መንገድ ሲዘጋ እዚያ ላይ ሚኒባስና ሲኖትራክ ይለቀቅበታል። ሾፌሩ አሥር ደቂቃ ያተርፋል፤ ያቺ አሥር ደቂቃ ግን ከሰማይ አልወረደችም፣ ከአንድ ልጅ መጫወቻ ላይ የተወሰደች ናት። በአሜሪካ ኒው ጀርሲ ሊዮኒያ የምትባል ትንሽ ከተማ እ.ኤ.አ. በ2018 ስልክ እየመራ የሚያመጣባትን አላፊ መኪና አልችል ብላ፣ በሥራ መግቢያና መውጫ ሰዓት የውስጥ መንገዶቿን ለነዋሪ ካልሆነ ዝግ ነው እስከ ማለት ደርሳለች።

የቀለበት መንገዱም ታሪክ ይህንኑ ያስተምራል። ሲሠራ የታሰበው ስለሚያልፈው መኪና ነበር፤ ከወዲህ ቤቱ፣ ከወዲያ ገበያው ስለሆነው እግረኛ ግን ጥቂት ነው የታሰበው። ድልድዩ ሲርቅበት ሰው የመሀሉን አጥር እየዘለለ ተሻገረ፤ የዘለለ ሁሉ ደግሞ ማዶ አልደረሰም። ከተማ የሚለካው መኪና ምን ያህል በፍጥነት ያልፍበታል በሚል ብቻ ከሆነ፣ የሚኖርበት ሰው እንቅፋት ሆኖ ይቆጠራል።

ታዲያ መፍትሔው መንገድ አለመሥራት ነው? አይደለም። አንደኛ፣ አምስቱ በሮች መሀሉን ሳይነኩ እርስ በርስ ይገናኙ፤ አበርክሮምቢ የጀመረው ሐሳብ ሰሜኑ ክፍት ሆኖ ቀርቷል። ሁለተኛ፣ ከቀለበት ወዲያ ቤት ሲሠራ ትምህርት ቤቱም፣ ገበያውም፣ ሥራውም አብሮ ይሠራ፤ ሰው ዳቦ ለመግዛት የጅማን መንገድ አይሻማ። ሦስተኛ፣ የሰፈር መንገድ የሰፈር ሆኖ ይቅር፤ ፍጥነት መስበሪያው፣ የእግረኛ መንገዱ ይኑረው። አራተኛውን እናታችን ተናግረዋል፦ በጊዜ መነሳት። ይኼኛው በጀት አይጠይቅም፣ ጥናት አያስፈልገውም፣ ነገውኑ ይጀመራል።

አበው “ዞሮ ዞሮ ከቤት፣ ኖሮ ኖሮ ከመሬት” ይላሉ። ዞሮ ዞሮ ከቤት መግባት መልካም ነው። የእኛ መዞር የሌላውን ቤት መንገድ ያደረገ ዕለት ግን መንገዱ አጠረ ማለት አይቻልም፤ ርዝመቱን ሌላ ሰው ተሸከመው እንጂ። እንግዲህ መንገደኛውንም ቸር ያግባው፣ መንገድ ዳር ያለውንም ቸር ያሳድረው።