የአባት ሕልም በልጅ እግር

በአገራችን የሩጫ ታሪክ ሲነገር መነሻው ሁሌም ሮም ነው። ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ በዘመን መለወጫ ዋዜማ፣ አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ጨረሰ። ይህን የማያውቅ የለም። ብዙዎቻችን ልብ የማንለው ሌላ ነገር ነው፤ አበበ ያኔ የ28 ዓመት ሰው ነበር። በልጅነቱ ገና እየተጫወተ ያደገ የገጠር ልጅ ነው። የሩጫን ነገር በቁም ነገር የያዘው ክብር ዘበኛ ገብቶ፣ ሙሉ ሰው ከሆነ በኋላ ነው። ስዊድናዊው አሠልጣኝ ኦኒ ኒስካነንም ያገኘው እዚያው ነው። በ13 ዓመቱ በሌሊት ቀስቅሶ ሜዳ ያወጣው ሰው አልነበረም።

ይህን የማነሳው ያለ ምክንያት አይደለም። ሰሞኑን አንድ ወዳጄ “ልጄ ሰነፈብኝ” ብሎ አማከረኝ። ልጁ ሦስት ዓመት ሩጫ ሠልጥኗል፤ ጎበዝም ነው አሉ። አሁን ግን ንጋት ላይ ሲጠሩት አንድ ቀን ሆዱን ያመዋል፣ ሌላ ቀን ጫማው ይጠፋል። አባትየው “አሁን ካቆመ አለቀለት” ባይ ነው። “ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም፤ የሚጠቅመውን እኔ ነኝ የማውቅለት” ሲልም አከለበት። እኔ ያስተማርኩት ሥነ ጽሑፍ እንጂ ስፖርት አይደለም። ስለዚህ የምመልስለት ከታሪክ ነው።

ኃይሌ ገብረሥላሴን እንውሰድ። አሰላ አካባቢ ሲያድግ 10 ኪሎ ሜትር እየሮጠ ትምህርት ቤት ይሄዳል፣ 10 ኪሎ ሜትር እየሮጠ ይመለሳል። ደብተር የያዘበት ግራ እጁ የዓለም ሪከርድ ሲሰብርም እንደታጠፈ ነበር። በ1972 ዓ.ም. ምሩጽ ይፍጠር በሞስኮ ኦሊምፒክ 5 ሺህና 10 ሺህ ሜትር ሲያሸንፍ በሬዲዮ ሰማ፤ ያኔ የሰባት ዓመት ልጅ ነው። ፍላጎቱን የለኮሰው ይህ ድል ነው። አባቱ ግን ሩጫውን አልወደዱለትም ነበር። ከዚህ ተነስቼ ልጅን መከልከል ያጀግናል አልልም፤ ተከልክሎ የቀረውን ማን ቆጠረው? የምለው፣ ኃይሌን ያስሮጠው የራሱ ፍላጎት እንጂ የአባት ግፊት አልነበረም ነው።

“አሁን ካቆመ አለቀለት” የሚለውስ? ደራርቱ ቱሉ ነሐሴ 1 ቀን 1984 ዓ.ም. በባርሴሎና 10 ሺህ ሜትር ወርቅ አገኘች። ከዚያ በኋላ በጉዳትም በወሊድም ከውድድር የራቀችባቸው ጊዜያት ነበሩ። በ1993 ዓ.ም. መስከረም ላይ በሲድኒ፣ እናት ሆና፣ ያንኑ ወርቅ ደገመችው። በ2002 ዓ.ም. ደግሞ በ37 ዓመቷ የኒውዮርክ ማራቶንን አሸነፈች። ኃይሌም ቢሆን በ2003 ዓ.ም. ኒውዮርክ ላይ ጉልበቱን አሞት ሲያቋርጥ ሩጫ በቃኝ ብሎ ነበር፤ ብዙም ሳይቆይ ሐሳቡን ቀይሮ ተመለሰ። የዓለም ጀግና “በቃኝ” ሲል እናዝንለታለን፤ የ13 ዓመት ልጅ ሲለው ግን ስንፍና እንለዋለን።

ታዲያ ልጅ ባኮረፈ ቁጥር ይተው ማለቴ ነው? አይደለም። አበበ ትርፍ አንጀቱን ቀዶ ጥገና በተደረገለት በሳምንታት ውስጥ ነው ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. ቶኪዮ ላይ ያሸነፈው። ያለ ሥቃይ ድል የለም። ግን ሥቃዩን ወዶ የሚሸከመው ሩጫው የራሱ የሆነ ሰው ነው፤ በሰው ሕልም የሚሮጥ ልጅ እስከዚያ አይዘልቅም።

ስለዚህ ወዳጄን እንዲህ አልኩት። ልጁን በሥልጠና ሰዓት ሳይሆን ሌላ ጊዜ፣ ሻይ እየጠጣችሁ ጠይቀው። እያደገ ያለ አካል ነውና ጉልበቱን አሞት ይሆናል፤ አሠልጣኙ እየጮኸበት ይሆናል፤ ጓደኛው ትቶት ሄዶ ይሆናል። ወይም ሲሸነፍ ያንተን ፊት ማየት ፈርቶ ይሆናል። የጀመረውን የውድድር ወቅት እንዲጨርስ ተስማሙ፤ ቃል መጠበቅ ይማርበታል። ከዚያ ጥቂት ወራት ይረፍ። መመለስ ከፈለገ በሩ ክፍት መሆኑን ይወቅ። ለጫማና ለትራንስፖርት ያወጣኸውን ግን አትቁጠርበት፤ ሒሳብ የተያዘበት ጨዋታ ዕዳ ነው።

ሯጭ ባይሆንስ? ጤነኛ እግርና ለአባቱ ያለ ፍርሃት የሚናገርበት አፍ ከተረፈው፣ ሦስቱ ዓመት በከንቱ አልባከነም።