ኢዮሲኖፊላዊ የምግብ ቧንቧ ብግነት በልጆች

ኢዮሲኖፊላዊ የምግብ ቧንቧ ብግነት ከጉሮሮ ወደ ጨጓራ የሚወርደውን ቧንቧ የሚያስቆጣ ሥር የሰደደ የአለርጂ በሽታ ነው። ኢዮሲኖፊል የሚባለው ነጭ የደም ሕዋስ በጨጓራና በአንጀት ይገኛል፤ በጤናማ የምግብ ቧንቧ ግድግዳ ውስጥ ግን አይኖርም። በሽታው ራሱን ችሎ የታወቀው በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ ነው። ከዚያ በፊት ብዙዎቹ ልጆች ቃር አለባቸው ተብለው ይታከሙ ነበር። በ1995 በአሜሪካ የታተመ ጥናት ግን 10 ልጆች በአሚኖ አሲድ የተዘጋጀ ወተት ብቻ እንዲወስዱ አድርጎ 8ቱ ሲድኑ 2ቱ እንደተሻላቸው በማሳየቱ፣ መነሻው ምግብ እንደሆነ ተረጋገጠ።

ወንዶች ልጆች ከሴቶች ሦስት እጥፍ ገደማ ይያዛሉ፤ አስም ወይም ኤክዜማ ያለበት ልጅም ይበልጥ ይጋለጣል። ሕፃን ጡጦ ይገፋል፣ ያስመልሰዋል፤ ከፍ ያለው ሆዴን ይላል፤ ጎረምሳው ምግብ ይቀረቀርበታል። በመካከል ያለው ምልክት በቀላሉ ይታለፋል፦ ልጁ ሥጋውንና ዳቦውን አድቅቆ ይቆራርጣል፣ አላምጦ አይጨርስም፣ በየጉርሻው ውሃ ይጎነጫል፣ ሌሎቹ እጃቸውን ሲታጠቡ እሱ ገና ነው። ቤተሰቡም ምግብ መራጭ ብሎ ይቆጣዋል። እንዲህ ያለውን ልጅ ከመቆጣት በፊት ለሐኪም ማሳየት ይገባል።

በሽታው የሚረጋገጠው በኢንዶስኮፒ ናሙና ተወስዶ ነው። ብግነቱ እዚህም እዚያም ስለሚበታተን ቢያንስ 6 ናሙና ይወሰዳል፤ በማይክሮስኮፕ ከፍተኛ ማጉያ በአንድ እይታ 15 ወይም ከዚያ በላይ ኢዮሲኖፊል መታየት አለበት። የቆዳ ምርመራ ጥፋተኛውን ምግብ አስተማምኖ አይለይም። ስለዚህ የተጠረጠረው ምግብ ይቋረጥና ናሙና እንደገና ተወስዶ ይታያል።

በቀዳሚነት የሚጠረጠረው የላም ወተት ነው፤ ስንዴ፣ እንቁላልና አኩሪ አተር ይከተላሉ። በኢትዮጵያውያን ቤት የጾም ምግብ ወተትና እንቁላልን ያስቀራል፣ ስንዴን ግን አያስቀርም። ንጹሕ የጤፍ እንጀራ ስንዴ የለበትም፤ በውጭ አገር የሚሸጠው እንጀራ ግን ብዙ ጊዜ ስንዴ ወይም ገብስ ስለሚቀላቀልበት ሳይጠይቁ ለልጁ መስጠት አይገባም። ወተት የተከለከለ ሕፃንም እድገቱ እንዳይጎዳ ምትክ ያስፈልገዋል።

ከመድኃኒቶቹ ኦሜፕራዞልን የመሳሰሉ የጨጓራ አሲድ ቀናሾችና የሚዋጥ ስቴሮይድ ይታዘዛሉ። ስቴሮይዱ ግድግዳው ላይ እንዲቆይ ልጁ ከዋጠ በኋላ ለ30 ደቂቃ ያህል አይበላም፣ አይጠጣም። ዱፒሉማብ የተባለው መርፌ በአሜሪካ በ2022 ከ12 ዓመት ጀምሮ፣ በ2024 ደግሞ ቢያንስ 15 ኪሎ ለሚመዝኑ 1 ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆኑ ልጆች ተፈቅዷል።

ሕመሙ ጠፋ ማለት ብግነቱ ጠፋ ማለት ስላልሆነ ክትትሉ በኢንዶስኮፒ ይቀጥላል። ለዓመታት ሳይታከም የቆየ ቧንቧ ጠባሳ እየያዘ ይጠባል፤ ያን ጊዜ በመሣሪያ ማስፋት የግድ ሊሆን ይችላል።