አልኮል በምራቅ ዕጢዎች ላይ የሚያስከትለው ጉዳት

አልኮል አዘውትሮ መጠጣት ጉበትን እንደሚጎዳ ብዙ ሰው ያውቃል። የምራቅ ዕጢዎችን እንደሚጎዳ ግን እምብዛም አይነገርም። ጉዳቱ አንዳንድ ጊዜ በጉንጭ ላይ በግልጽ ይታያል፤ ሕመም ስለሌለው ግን «ፊቱ ሞላ፣ ተመቸው» ተብሎ ይታለፋል።

የምራቅ ዕጢዎች ሥራ

3 ጥንድ ትልልቅ የምራቅ ዕጢዎች አሉን፦ ከጆሮ ፊትና ሥር፣ ከመንጋጋ ሥር እና ከምላስ ሥር። በአፍ ውስጥ ካሉት ትናንሽ ዕጢዎች ጋር በቀን ከ0.5 እስከ 1.5 ሊትር ምራቅ ያመነጫሉ። ምራቅ ምግብን ያለሰልሳል፣ አሲድን ይቀንሳል፣ ጥርስንና ድድን ከጀርሞች ይከላከላል።

አልኮል ምን ያስከትላል?

• የአፍ መድረቅ፦ አልኮል ሽንት ስለሚያበዛ ሰውነት ፈሳሽ ያጣል። ለረጅም ጊዜ ሲጠጣ ደግሞ ዕጢዎቹ የሚያመነጩት ምራቅ ሊቀንስ ይችላል። በዚህም የጥርስ መቦርቦር፣ የድድ በሽታ፣ መጥፎ የአፍ ጠረንና የአፍ ፈንገስ ይከተላሉ።

• የዕጢ ማበጥ፦ ከጆሮ ፊት ያሉት ዕጢዎች በሁለቱም ጎን ቀስ በቀስ ያብጣሉ። ይህ ሁኔታ ሲያላዴኖሲስ ይባላል። ኢንፌክሽን ስላልሆነ አያምም፣ አያተኩስም። ዕጢዎቹን የሚቆጣጠሩት ነርቮች በመጎዳታቸው የሚመጣ እንደሆነ ይታሰባል። በአልኮል ምክንያት ጉበታቸው በተጎዳ ሰዎች ላይ ይታያል፤ የስኳር በሽታና የምግብ እጥረትም ሊያመጡት ይችላሉ።

• የካንሰር ተጋላጭነት፦ አልኮል በአፍ ውስጥ ጭምር አሴታልዲሃይድ ወደተባለ መርዛማ ንጥረ ነገር ይለወጣል፤ ይህም በምራቅ ውስጥ ይገኛል። አልኮል የአፍና የጉሮሮ ካንሰርን ያመጣል፤ ሲጋራ ሲጨመርበት አደጋው እጅግ ይጨምራል።

ቢራ፣ ጠጅ፣ ጠላም ሆነ አረቄ፣ ጉዳት የሚያደርሰው በውስጣቸው ያለው አልኮል ነው።

ሐኪም ማየት የሚያስፈልገው መቼ ነው?

• ጉንጭዎ ወይም ከመንጋጋዎ ሥር ያለው ቦታ ካበጠና ካልጠፋ፣ ባያምም እንኳ
• እብጠቱ በአንድ ጎን ብቻ ከሆነ ወይም ከጠነከረ
• የፊት ጡንቻ ከዛለ ወይም አፍ ከተጣመመ
• ትኩሳት፣ ሕመም ወይም ወደ አፍ የሚወጣ መግል ካለ

ድንገተኛና የሚያም እብጠት ጆሮ ደግፍ፣ ኢንፌክሽን ወይም የምራቅ ቱቦን የዘጋ ጠጠር ሊሆን ይችላል። መንስኤውን ለመለየት ሐኪሙ የጉበትና የስኳር የደም ምርመራ እንዲሁም አልትራሳውንድ ሊያዝ ይችላል። ምን ያህል እንደሚጠጡ ሳይደብቁ ይንገሩት።

ሕክምና እና ጥንቃቄ

ዋናው ሕክምና መጠጥ ማቆምና የተመጣጠነ ምግብ መመገብ ነው። እብጠቱ ቀስ በቀስ ሊቀንስ ይችላል፤ ሙሉ በሙሉ የማይጠፋበት ጊዜም አለ። ውሃ ደጋግመው ይጠጡ፣ ስኳር የሌለው ማስቲካ ያኝኩ፣ ፍሎራይድ ባለው የጥርስ ሳሙና በቀን 2 ጊዜ ይቦርሹ፣ አልኮል ያለበትን የአፍ መጉመጥመጫ ያስወግዱ።

ማሳሰቢያ፦ ለረጅም ጊዜ በየቀኑ ብዙ ይጠጡ ከነበረ ያለ ሐኪም ክትትል በድንገት አያቁሙ። መንቀጥቀጥ፣ መቃዠትና ራስን የሚያስት መንዘፍዘፍ ሊከሰት ስለሚችል ለሕይወት አስጊ ነው። በሐኪም ዕርዳታ ግን በሰላም ማቆም ይቻላል።