የፎቶ አንሺው ካሜራና ኢንሹራንስ፦ ከትናንት እስከ ዛሬ



በዚህ ዓመታዊ መጽሔት ላይ ስለ ቀብርና ስለ ለቅሶ ብዙ ጽፈናል። ዘንድሮ ደግሞ ስለ ቆመ ሰው የሥራ መሣሪያ ጥቂት ለማለት ተነሥተናል። ምክንያታችንን አስቀድመን እንናገር።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ከአባሎቻችን አንዱ የሆነ ፎቶ አንሺ ሰርግ ሊያነሳ ወደ ወንጂ ወረደ። ምሳ ሲቀርብ ቦርሳውን መኪና ውስጥ ትቶ ገባ። ሲመለስ የመኪናው መስተዋት ተሰብሯል፤ ካሜራው፣ ሁለቱ ሌንሶችና ፍላሹ የሉም። እስከዚያ ያነሳው የሰርግ ፎቶም ከካሜራው ጋር አብሮ ሄደ።

ሰውየው “ኢንሹራንስ አለኝ” ብሎ ተጽናንቶ ነበር። ውሉ ሲነበብ ግን የሚሸፍነው ሱቁ ውስጥ ያለውን ዕቃ ብቻ፣ ያውም ከእሳትና ሰብሮ ከሚገባ ሌባ ሆኖ ተገኘ። ቢቸግረው ወደ ዕድሩ መጣ። እኛም መተዳደሪያ ደንባችንን ገልጠን ብናይ ለሞት እንጂ ለተሰረቀ ዕቃ የሚል አንቀጽ አጣን። ከሣጥኑ አንድ ብር አላወጣንም። በየቤቱ ዞረን ያሰባሰብነውም የአንዱን ሌንስ ዋጋ አልሞላም። ያን ዕለት አንዲት እናት፣ “ቢሞት ኖሮ ድንኳን ተክለን፣ ንፍሮ ቀቅለን እንቀመጥለት ነበር። በቁሙ ስለተጎዳ ነው እንዴ ዝም የምንለው?” አሉ። ሁላችንም አቀረቀርን። ይህች ጽሑፍ ለእኒያ እናት የዘገየች መልስ ናት።

እንደሚታወቀው፣ ከብዙ ሰው ጥቂት ጥቂት ሰብስቦ የአንዱን ጉዳት መሸፈን የእኛ ብቻ ልማድ አይደለም። በሮማ አቅራቢያ ላኑቪየም በምትባል ከተማ የነበረ አንድ የቀብር ማኅበር እ.ኤ.አ. በ136 መተዳደሪያ ደንቡን በእብነ በረድ ላይ አስቀርጾ ነበር። አዲስ አባል ሲገባ መቶ ሴስተርስ ገንዘብና አንድ ጋን ጥሩ ወይን ያቀርባል፤ ከዚያም በየወሩ መዋጮውን ይከፍላል። ወይኑን በጠላ ብትለውጡት ከእኛ ዕድር ብዙም አይርቅም።

የንግድ ኢንሹራንስ ግን ያደገው በሌላ መንገድ ነው። በ1680ዎቹ በለንደን ከተማ ኤድዋርድ ሎይድ የሚባል ሰው ቡና ቤት ከፈተ። የመርከብ ባለቤቶችና ነጋዴዎች እዚያ ቡና እየጠጡ፣ መርከብ ቢሰጥም ኪሳራውን የሚጋሩ ሰዎችን ያገኙ ነበር። እንግዲህ ዕድር የሚነሣው ከጉርብትና ነው። ይኸኛው ግን የሚነሣው ከውል ነው፤ በውሉ ላይ የተጻፈው ይከፈላል፣ ያልተጻፈው አይከፈልም።

ወደ አገራችን የገባው ይኸው የውሉ መንገድ ነው። በ1898 ዓ.ም. የተከፈተው የአቢሲንያ ባንክ የውጭ አገር ኢንሹራንስ ወኪል ሆኖ የእሳትና የባሕር ጉዞ ውል ያዋውል ነበር። ይህ ዓይነቱ ውል የሚጠቅመው መጋዘን ላለውና ዕቃ በመርከብ ለሚያስጭን ነጋዴ ነው። በዚያው ዘመን አርመናዊው በድሮስ ቦያጂያን የቤተ መንግሥት ፎቶ አንሺ ነበር፤ ልጆቹም ሙያውን ወርሰው ቀጠሉ። የቤተ መንግሥት ፎቶ አንሺ መሣሪያው ቢሰበር የሚያቀናው ጌታ አለው። በኋላ በየከተማው ፎቶ ቤት የከፈተው ሰው ግን ከእግዜርና ከጎረቤት በቀር ሌላ ዋስ አልነበረውም።

ከተማችንን ያሳደጋት የባቡሩ መንገድ ነው። ሐዲዱ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገባ። በ1946 ዓ.ም. ደግሞ የወንጂ ስኳር ፋብሪካ ሥራ ጀመረ። ደመወዝተኛ ሲበዛ ጉርድ ፎቶ የሚፈልገው በዛ፤ ለመታወቂያ፣ ለትምህርት ቤት፣ አገር ቤት ላለች እናት የሚላክም ጭምር። ከሞጆ እስከ ሻሸመኔ ባሉት የስምጥ ሸለቆ ከተሞች፣ በሥዕል መጋረጃ ፊት ቆሞ ያልተነሳ ቤተሰብ ጥቂት ነው ብንል ማጋነን አይሆንብንም።

የአገር ውስጥ ኢንሹራንስስ? የመጀመሪያው የአገር ውስጥ ኩባንያ ኢምፔሪያል ኢንሹራንስ የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1951 ነው። ታኅሣሥ 23 ቀን 1967 ዓ.ም. አሥራ ሦስት ኩባንያዎች ተወረሱ፤ በ1968 ዓ.ም. የኢትዮጵያ መድን ድርጅት ብቻውን ሥራውን ያዘ። ከዚያም በአዋጅ ቁጥር 86/1986 በሩ ለግል ኩባንያዎች ተከፈተ። ዛሬ በአዳማ ከአንድ በላይ ቅርንጫፍ ዞሮ ዋጋ መጠየቅ ይቻላል። ይሁንና ኢንሹራንስ ሲባል የብዙዎቻችን ሐሳብ የሚሄደው ወደ መኪና ነው። የሦስተኛ ወገን መድን በሕግ ግዴታ ስለሆነ መኪና ያለው ሁሉ ያውቀዋል። ካሜራን ግን ማንም አያስገድድም፤ የማያስገድዱትን ነገር ደግሞ ሰው ይረሳዋል።

ታዲያ አቅምን የማይጎዳ ኢንሹራንስ እንዴት ይገኛል? ከአባላችን ጉዳት የተማርነውን እንዘርዝር።

አንደኛ፣ ዕቃው የት እንደሚውል በግልጽ ይነገር። የእሳትና የስርቆት ውል ሱቁን ይጠብቃል። ሰርግ ቤት ለሚዞር ካሜራ ግን ከሱቅ ውጭም የሚሸፍን፣ ማንኛውንም አደጋ የሚመለከት ውል መጠየቅ ያሻል። አረቦኑ ከፍ ይላል፤ ስለዚህ የሚዞረውን ብቻ በዚህ ማስገባት፣ መጋረጃውንና ማተሚያውን በሱቁ ውል መተው ወጪ ይቀንሳል።

ሁለተኛ፣ አረቦን ለመቆጠብ ሲባል ዋጋ አሳንሶ ማስመዝገብ ራስን ማታለል ነው። መቶ ሺህ ብር የሚያወጣ ዕቃ በሃምሳ ሺህ ከተመዘገበ፣ የሃያ ሺህ ብር ጉዳት ሲደርስ በተለመደው ስሌት የሚከፈለው አሥር ሺህ ነው። ከዚያ ይልቅ ትንንሹን ጉዳት ራስ ችሎ ትልቁን ለኩባንያው መስጠት ይሻላል። መድን ገቢው የሚችለው ድርሻ ከፍ ሲል አረቦኑ ዝቅ ሊል ይችላልና።

ሦስተኛ፣ የጠፋ ሰርግ በካሜራ ዋጋ አይተካም። በመብራት ገመድ ተጠላልፎ የወደቀ እንግዳም ቢጎዳ ካሳው የዕቃ ውል ውስጥ የለም፤ እሱ የኃላፊነት መድን የሚባል ራሱን የቻለ ውል ነው። ፎቶውን ግን በዚያው ቀን በሌላ ቦታም ማስቀመጥ ገንዘብ የማይጠይቅ መድን ነው።

አራተኛ፣ ብቻ አለመሄድ ነው። አምስት ስድስት ፎቶ አንሺዎች ተሰባስበው ቢጠይቁ ወይም ፈቃድ ባለው የኢንሹራንስ ደላላ በኩል ቢያስጠይቁ፣ ዋጋ አወዳድረው መከራከር ይችላሉ። የዓመቱን አረቦን በአንድ ጊዜ ማውጣት ለሚከብደው ደግሞ ዕቁብ አለ፤ ዕጣውን ውሉ በሚታደስበት ወር መውሰድ ነው።

አሁን ወደ እኒያ እናት ጥያቄ እንመለስ። የለቅሶውን ገንዘብ ለካሜራ አለማዋላችን ስሕተት አልነበረም፤ ሣጥኑ የሟች አደራ ነው። ስሕተታችን ሌላ ነው። አባላችን ያንን ውል ሲፈርም አብረነው አላነበብንም። በመካከላችን ውል ማንበብ የሚችሉ፣ ጽሕፈት ቤት የሠሩ፣ ፍርድ ቤት የሚያውቁ ሰዎች እያሉ ለብቻው ሄዶ ፈረመ።

ሰውየው አንድ ዓመት ሙሉ በሰው ፎቶ ቤት ተቀጥሮ ከሠራ በኋላ በዕቁብ ካሜራ ገዝቶ ተመልሷል። አዲሱ ውሉ ላይ “ከሱቅ ውጭም” የሚል ቃል አለ፤ የካሜራው መለያ ቁጥርም በዕድሩ መዝገብ ላይ ሰፍሯል።

ስለሆነም የምንጠይቀው ትንሽ ነገር ነው። ፎቶ አንሺም ሁን ልብስ ሰፊ፣ ባለ ወፍጮም ሁን ባለ ጋራዥ፣ የዕቃህን ዝርዝርና ደረሰኝ አዘጋጅ፤ ውልህንም ሳትፈርም ይዘኸው ና። ከጠቅላላ ስብሰባው በኋላ ቁጭ ብለን አብረን እናነበዋለን። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው።

ቸር ይግጠመን!