«ኢምፖርት» ስንል ማንን ነው የምናስገባው?

ኮድ የምትጽፉ ከሆነ፣ ጀማሪም ብትሆኑ፣ ይህን ታሪክ እወቁት። (ቀኖቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ኢቨንት-ስትሪም የሚባል የጃቫስክሪፕት ፓኬጅ አለ። በ2018 በሳምንት ወደ 2 ሚሊዮን ጊዜ ይወርድ ነበር። የሠራው ሰው ግን ራሱ መጠቀም ካቆመ ቆይቷል፤ የሚከፍለውም የለም። አንድ የማያውቀው ሰው በኢሜይል «እኔ ልያዘው» ሲለው አስረከበው። አዲሱ ተረካቢ መጀመሪያ ላይ ደህና ሥራ ሠራ። ሴፕቴምበር ላይ ደግሞ ፍላትማፕ-ስትሪም የምትባል ሌላ ትንሽ ፓኬጅ ጨመረበት። ያኔ ኮዷን ከፍቶ ያየ ሰው ምንም አያገኝባትም፤ ንጹሕ ነበረች። ተንኮሉ የመጣው በሚቀጥለው ወር፣ 0.1.1 በተባለው ቨርዥን ነው።

ተንኮለኛው ኮድ የተመሰጠረ ነበር። የሚፈታው ኮፔይ የተባለው የቢትኮይን ዋሌት ውስጥ ሲገባ ብቻ ነው፤ ሌላ ፕሮጀክት ውስጥ ዝም ብሎ ይተኛል። ኮፔይ ውስጥ ግን ነቅቶ ከ100 ቢትኮይን በላይ ያላቸውን ሰዎች የግል ቁልፍ ለሌቦቹ ይልካል። የተያዘውም በአንቲቫይረስ አይደለም። ኮዱ ጊዜው ያለፈበት ፈንክሽን ይጠቀም ስለነበር ዴቨሎፐሮች ስክሪናቸው ላይ የማያውቁት ማስጠንቀቂያ እየመጣ ግራ አጋባቸው። ከየት ነው የሚመጣው ብለው ሲከታተሉ ኖቬምበር ላይ ደረሱበት።

ልብ በሉ፣ የኮፔይ ሠራተኞች ፍላትማፕ-ስትሪምን ፈልገው አላስገቧትም። እነሱ የመረጡት ፓኬጅ የሚጠቀመው ሌላ ፓኬጅ ነው ይዟት የመጣው። ይሄ ዲፔንደንሲ ይባላል፤ አንድ እንግዳ ጠርታችሁ ዘመዶቹን አስከትሎ ሲመጣ ማለት ነው። የኖድ ፕሮጀክት ካላችሁ ኖድ-ሞጁልስ የሚለውን ፎልደር ከፍታችሁ ቁጠሩ፤ እናንተ የጻፋችሁት አምስት ስም ሊሆን ይችላል፣ ውስጥ ያለው ግን በመቶዎች ነው።

ኢምፖርት ማለት ደግሞ ስም መጥራት ብቻ አይመስላችሁ። በፓይተን ኢምፖርት ያደረጋችሁት ፋይል ከላይ እስከ ታች ይሮጣል። አንድም ፈንክሽን ባትጠሩ እንኳ ኮዱ ሥራውን ጀምሯል። በኤንፒኤም ደግሞ ገና ኢንስቶል ሲደረግ በራሱ የሚሮጥ ስክሪፕት ያላቸው ፓኬጆች አሉ። «ላውርደውና አየዋለሁ» ስትሉ ቀድሞ አይቷችኋል።

እንግዲህ መጀመሪያ የሚጣራው ስሙ ነው። እኔ ኮድ ስጀምር የልምምድ ፋይሌን «ራንደም» ብዬ ሰየምኩት። ከዚያ የፓይተንን ራንደም ኢምፖርት ሳደርግ የሚመጣልኝ የራሴው ፋይል ሆነና ግማሽ ቀን ተቃጠልኩ። ፓይተን ሞጁል ሲፈልግ መጀመሪያ የሚያየው ስክሪፕቱ ያለበትን ፎልደር ስለሆነ ነው። የእኔ ስህተት የበላው ግማሽ ቀን ብቻ ነው፤ ሆን ብለው የሚያደርጉት ግን አሉ። በ2017 ክሮስ-ኤንቭ የሚባለውን የታወቀ ፓኬጅ ሰረዙን አውጥተው «ክሮስኤንቭ» ብለው ኤንፒኤም ላይ የጫኑ ሰዎች ነበሩ። ሰረዟን የረሳ ሰው ኢንስቶል ሲያደርግ ኮምፒውተሩ ላይ የተቀመጡ የሚስጥር ቁልፎችና ቶክኖች ይላኩባቸዋል። ፓይተን ላይ ደግሞ የባሰ አለ፦ ጄሊፊሽ የሚለውን ስም የመጀመሪያውን ኤል አውጥተው በትልቁ አይ ተኩት። በብዙ ፎንት ሁለቱ ፊደላት አንድ ናቸው፤ በስልክ ስክሪንማ ተዉት። ፓኬጁ የኤስኤስኤች ቁልፍ እየሰረቀ ዓመት ሊሞላው ጥቂት ቀን ሲቀረው ነው በ2019 መጨረሻ የተነሳው። ስም በእጅ ከመጻፍ ከፓኬጁ ኦፊሴላዊ ዶክመንቴሽን ኮፒ ማድረግ ይሻላል።

በፓይተን ሌላም ወጥመድ አለ። ኢምፖርት የምታደርጉበት ስምና ኢንስቶል የምታደርጉበት ስም ሁልጊዜ አንድ አይደለም። ኮዱ ላይ «ፒል» የምትሉት ሲወርድ «ፒሎው» ነው፤ «ሲቪ2» ደግሞ «ኦፕንሲቪ-ፓይተን»። ኤረር ላይ ያያችሁትን ስም እንዳለ ወስዳችሁ ኢንስቶል ካደረጋችሁ የማን ቤት እንደምትገቡ አታውቁም።

ኮዱን ኤአይ ለሚጽፍላችሁ ደግሞ ይህን አስታውሱ፦ ኤአይ የሌለ ፓኬጅ ስም ይፈጥራል። ባር ላንያዶ የተባለ የደህንነት ተመራማሪ ኤአይ ደጋግሞ የሚፈጥረውን አንድ ስም ወስዶ ባዶ ፓኬጅ አድርጎ ጫነው። በ2024 ውጤቱን ሲያወጣ በሦስት ወር ከ30,000 ጊዜ በላይ ወርዷል። ባዶ ስለነበር ማንም አልተጎዳም። ስለዚህ ኤአይ የሰጣችሁን ስም ኢንስቶል ከማድረጋችሁ በፊት ገጹን ክፈቱ፦ መቼ ወጣ፣ ማን ያስተዳድረዋል፣ የሶርስ ኮዱ ሊንክ የት ያደርሳል? ትናንት የተፈጠረና ኮዱ የማይታይ ፓኬጅ ከሆነ ተዉት።

ስሙ ትክክል ቢሆንም ቨርዥን የሚባል ነገር አለ። የኢቨንት-ስትሪም ሌብነት የሠራው እዚህ ጋ ነው። በኤንፒኤም ከቨርዥን ቁጥሩ ፊት የምትቀመጠው የቆብ ምልክት «ከዚህ በኋላ የሚወጣ ትንሽ ማሻሻያም ይግባ» ማለቷ ነው። ፍላትማፕ-ስትሪም የገባችው በዚያች ምልክት ነበር፤ 0.1.0 ን ያየ ሰው 0.1.1 ወረደለት።

ይህን የሚያቆመው ሎክ ፋይል ነው። የእያንዳንዱን ፓኬጅ፣ የዘመዶቹንም ጭምር፣ ትክክለኛ ቨርዥንና ሃሽ ይመዘግባል። ሃሽ የፋይሉ አሻራ ነው፤ አንድ ፊደል ከተቀየረ አሻራው ይቀየራል፣ ኢንስቶሉም ይቆማል። ሎክ ፋይሉን ጊትሃብ ላይ አብራችሁ ጫኑት፤ «ረጅም ነው» ብላችሁ አትዝለሉት። ሰርቨር ላይ ደግሞ «ኤንፒኤም ኢንስቶል» ሳይሆን «ኤንፒኤም ሲአይ» የሚለውን ትእዛዝ ተጠቀሙ፤ ሎክ ፋይሉ ካልተስማማ ያቆማል እንጂ ዝም ብሎ አያስተካክለውም። ፒፕም ሃሽ እንዲጠይቅ ማዘዝ ይቻላል። ጎ ከ2019 ጀምሮ ይህንን ራሱ ነው የሚያደርገው፤ የማትጠቀሙበትን ኢምፖርት ትታችሁ ከሄዳችሁም ኮዱን አልገነባም ይላችኋል። ሲያዩት ግትር ነው፣ ግን እኔ ወድጄለታለሁ።

ሃሽ ግን ኮዱ ጥሩ ነው አይልም። ትናንት ያስገባችሁት ያው ነው ይላል፣ በቃ። መጥፎውን ቨርዥን ቆልፋችሁ ከሆነ መጥፎውን ነው በታማኝነት የሚጠብቅላችሁ። ስለዚህ ሎክ ፋይሉ ሲቀየር ምን አዲስ ስም እንደገባ ማየት የግድ ነው። የማታውቁት ስም ካያችሁ «ኤንፒኤም ኤክስፕሌይን» ከስሙ ጋር ጻፉ፤ ማን እንዳመጣው ይነግራችኋል። በፓይተን «ፒፕ ሾው» ተመሳሳይ ሥራ ይሠራል። «ኤንፒኤም ኦዲት» እና «ፒፕ-ኦዲት» ደግሞ የታወቁ ችግሮችን ይፈልጋሉ፤ የታወቁትን ብቻ። ኦዲቱ ንጹሕ ነው ማለት እስካሁን የተመዘገበ ክስ የለም ማለት ነው።

አዲስ ቨርዥን በወጣ ሰዓት አለመሮጥም ይጠቅማል። ሴፕቴምበር 2025 ላይ ቾክና ዲበግን ጨምሮ 18 ፓኬጆች ተጠለፉ፤ በአንድ ላይ በሳምንት ከ2 ቢሊዮን ጊዜ በላይ የሚወርዱ ናቸው። አስተዳዳሪያቸው ከኤንፒኤም የመጣ በሚመስል ሐሰተኛ ኢሜይል ተታለለ። የገባው ኮድ ክሪፕቶ ስትልኩ የተቀባዩን አድራሻ በሌቦቹ አድራሻ ይተካል። በሰዓታት ውስጥ ተነሳ። በዚያች ክፍተት አፕዴት ያላደረገ ሰው ምንም አልነካውም። ፒኤንፒኤም የተባለው መሣሪያ ከ10.16 ቨርዥኑ ጀምሮ «ከወጣ ይህን ያህል ጊዜ ያልሞላውን አታስገባ» የሚል ሴቲንግ አለው። የደህንነት ማስተካከያ ሲወጣ ግን አትዘግዩ፤ ያ ሌላ ጉዳይ ነው።

መጥፎ ፓኬጅ ገብቶ ካገኛችሁ ደግሞ እሱን ማጥፋት አይበቃም፤ የሚሰርቀውን የሰረቀው ኢንስቶል ሲደረግ ነው። ሌላ ንጹሕ ኮምፒውተር ላይ ሆናችሁ የጊትሃብና የኤንፒኤም ቶክናችሁን፣ የዳታቤዝ ፓስወርዱን፣ የኤስኤስኤች ቁልፉን፣ የቴሌግራም ቦት ቶክን ካላችሁ እሱንም ቀይሩ። ዋሌት የነበረበት ኮምፒውተር ከሆነ መጀመሪያ ገንዘቡን ወደ አዲስ ዋሌት አውጡ፣ ሌላው ከዚያ በኋላ ይደርሳል።