ኦክሳይድ አድራጊ አኒዮኖች በፕላቲነም ገጽ ላይ፦ ከሁምቦ የጉድጓድ ውሃ አንጻር

ከወላይታ ሶዶ ወደ አርባ ምንጭ የሚወስደው መንገድ ሁምቦን አልፎ ወደ አባያ ሐይቅ ተፋሰስ ይወርዳል። በስምጥ ሸለቆው ስለ መጠጥ ውሃ ሲነሳ ቀድሞ የሚጠራው አኒዮን ፍሎራይድ ነው። ፍሎራይድ ግን ኤሌክትሮን ስለማይቀበል ኤሌክትሮድ አይለውጠውም፤ በአጥንት ከሰል ወይም በአልሙኒየም ጨው ይጣራል። የናይትሬት ነገር ሌላ ነው። ማሳ ላይ ከሚበተን ዩሪያ፣ ከከብት በረትና ከመጸዳጃ ጉድጓድ ተነስቶ ጥልቀት ወደሌለው የውሃ ጉድጓድ ሊሰርግ ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው ጣሪያ በሊትር 50 ሚሊግራም ነው። ከዚያ ሲያልፍ በተለይ በጡጦ የሚያድጉ ሕፃናት ደም ኦክስጅን የመሸከም አቅሙ ይዳከማል።

በቴርሞዳይናሚክስ ስሌት ናይትሬት ኤሌክትሮን ለመቀበል ዝግጁ ነው፤ ወደ ናይትረስ አሲድ የሚለወጥበት መደበኛ ፖቴንሻል 0.93 ቮልት ያህል ነው። የሌላው ኦክሳይድ አድራጊ አኒዮን፣ የፐርክሎሬት፣ ወደ ክሎሬት የሚለወጥበት ደግሞ 1.2 ቮልት ይጠጋል። ሆኖም ሁለቱም በፕላቲነም ላይ እጅግ ዘገምተኛ ናቸው። በእኔ እምነት ማነቆው መፈለግ ያለበት አኒዮኑ በብረቱ ገጽ ላይ ቦታ በማግኘቱና በማጣቱ ላይ ነው።

በነበልባል የጸዳ የፕላቲነም ሽቦ 0.1 ሞላር ፐርክሎሪክ አሲድ ውስጥ ገብቶ ፖቴንሻሉ ወደ ታችና ወደ ላይ ሲመላለስ፣ በሃይድሮጅን ኤሌክትሮድ መለኪያ ከ0.05 እስከ 0.4 ቮልት ባለው ክልል ጉብታዎች ይታያሉ። ሃይድሮጅን ገጹን ሲሸፍን የሚተወው አሻራ ነው፤ አንድ ንብርብር በካሬ ሴንቲሜትር 210 ማይክሮኩሎም ይወስዳል። ናይትሬት ሲጨመር የሪዳክሽኑ (ኤሌክትሮን የመቀበሉ) ከረንት የሚታየው እዚሁ ክልል ውስጥ ነው። ፖቴንሻሉ ይበልጥ ሲወርድ፣ ማለትም ግፊቱ ሲበረታ፣ ከረንቱ ያድጋል ተብሎ ሲጠበቅ ይወድቃል። ሃይድሮጅን ቀድሞ ቦታውን ይዞታልና።

ኤሌክትሮኬሚስቱ ፍሩምኪንና ባልደረቦቹ ሌላውን ኦክሳይድ አድራጊ አኒዮን፣ ፐርሰልፌትን፣ በሜርኩሪ ላይ ሲያጠኑ ተመሳሳይ የከረንት መውደቅ አይተው፣ አሉታዊ ቻርጅ ያለው ኤሌክትሮድ አኒዮኑን እንደሚገፋ በመግለጽ አብራርተውታል። ለፕላቲነም ይህ ብቻውን አይበቃም፤ እዚህ ከመገፋቱ በላይ ሽሚያው ይከብዳል። ሰልፌትና ክሎራይድ ከናይትሬት ይልቅ አጥብቀው ስለሚለጠፉ ጥቂቱ ክሎራይድ እንኳ ከረንቱን በጉልህ ያወርደዋል። የሃንጋሪው ኤሌክትሮኬሚስት ሆራኒ የፐርክሎሬት ሪዳክሽን በፕላቲነም ላይ በዝግታም ቢሆን እንደሚካሄድ አሳይቷል። የዚያ ሂደት ውጤት የሆነው ክሎራይድ ደግሞ መልሶ ገጹን ይዘጋል። እ.ኤ.አ. በ2003 ተመራማሪዎቹ ዲማ፣ ዴ ቮይስና ኮፐር ለናይትሬት ሪዳክሽን በርካታ ብረቶችን አነጻጽረው ሮዲየምን ከፊት፣ ፕላቲነምን ከኋላ አስቀምጠዋል፤ ፍጥነቱን የሚወስነውም ናይትሬት ወደ ናይትራይት የሚለወጥበት እርምጃ መሆኑን አመልክተዋል።

 

እንግዲህ በንጹሕ አሲድ የተገኘ ውጤት ለሁምቦ ውሃ እንዳለ ሊወሰድ አይገባም። ሪዳክሽኑ ፕሮቶን ይፈልጋል፤ የከርሰ ምድር ውሃ ግን ብዙውን ጊዜ ለገለልተኛ ፒኤች የቀረበ ነው፤ ባይካርቦኔትና ክሎራይድም ይሸከማል። ቆርቆሮ ወይም መዳብ በፕላቲነሙ ላይ መጨመር የመጀመሪያውን እርምጃ እንደሚያፋጥን ይታወቃል፤ ይህም ቢሆን መፈተን ያለበት በውሃው በራሱ ነው። አንዱን ናሙና እንዳለ፣ ክሎራይዱን አውጥቶ፣ ከዚያም አሲድ ጨምሮ መለካት የሽሚያውንና የፒኤቹን ድርሻ ለመለየት ያስችላል። ናይትሬቱ ወዴት እንደሄደም አብሮ መለካት አለበት። በአሲድ ውስጥ ፕላቲነም በአብዛኛው የሚሰጠው አሞኒየም ነው፤ አሞኒየም ለማሳ ማዳበሪያ ይሆናል፣ በመጠጥ ውሃ ውስጥ ግን አንዱን ብክለት በሌላ መተካት ነው።